በቫይረስ ሕመም ጊዜ ደም ለምን ይረጋል? አስፕሪንስ መፍትሔ ነው?

በኮቪድ-19 ወረርሽኝ ወቅት በጠና ታመው ሆስፒታል ከገቡት ሰዎች አንዳንዶቹ እግራቸው ወይም ሳንባቸው ውስጥ ደም ረግቶ ተገኝቷል። ዛሬም ትኩሳት ለያዘው ሰው "ደሙ እንዳይረጋ" ብለው አስፕሪን የሚሰጡ ቤተሰቦች ያጋጥሙኛል። እርስዎም ከማድረግዎ በፊት የደም መርጋቱ ከየት እንደሚመጣ ይወቁ።

ነጭ የደም ሕዋሳት ቫይረስን የሚለዩት ሪሴፕተር (ተቀባይ) በተባሉ ፕሮቲኖች ነው። እነዚህ ተቀባዮች ቫይረሱን ሲለዩ ሕዋሱ የማስጠንቀቂያ ኬሚካሎችን ይለቃል፤ ደም መርጋትን የሚያስጀምር "ቲሹ ፋክተር" የተባለ ፕሮቲንም ያወጣል። ደም እንዲረጋ የሚረዱት ፕሌትሌቶችም የራሳቸው ተቀባዮች አሏቸው። ከቫይረሱ ጋር የተጣበቁ ፀረ እንግዳ አካላት ሲያገኟቸው ፕሌትሌቶቹ ይነቃቁና እርስ በርስ ይጣበቃሉ። ይህ ጀርሙ እንዳይሰራጭ የሚያግዝ መከላከያ ነው፤ ከልክ ሲያልፍ ግን የደም ሥር ይዘጋል።

አስፕሪን የሚነካው ከዚህ ሁሉ አንዱን መንገድ ብቻ ነው። በብሪታንያ የተመራው "ሪከቨሪ" ጥናት እ.ኤ.አ. በ2021 ውጤቱን ይፋ ሲያደርግ፣ ሆስፒታል ከተኙ ወደ 15,000 የሚጠጉ የኮቪድ ሕሙማን መካከል በ28 ቀናት ውስጥ የሞቱት አስፕሪን ከወሰዱትም ካልወሰዱትም 17 በመቶ ነበሩ። ከባድ የደም መፍሰስ ግን ከ1.0 ወደ 1.6 በመቶ ከፍ ብሏል።

በአገራችን ጉዳቱ ሊብስ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2013 በድሬዳዋ፣ በ2023 ደግሞ በአፋር የተከሰተው የዴንጊ ትኩሳት ፕሌትሌትን ስለሚቀንስ ደም እንዲፈስ ያደርጋል። ትኩሳቱ የዴንጊ ይሁን የሌላ በቤት ውስጥ መለየት አይቻልም። ስለዚህ ምርመራ ሳይደረግ አስፕሪንም አይቡፕሮፌንም አይስጡ፤ ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል በመጠኑ ይበቃል። ለልብ ወይም ለስትሮክ አስፕሪን የታዘዘልዎ ከሆነ ግን በራስዎ አያቋርጡ፤ ሐኪምዎን ያማክሩ።

የሚከተሉት ከታዩ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ፦
- የአንድ እግር ማበጥና ሕመም
- ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር ወይም የደረት ውጋት
- የድድ ወይም የአፍንጫ መድማት፣ ጥቁር ሰገራ
- ጠንካራ የሆድ ሕመም ወይም የማያቋርጥ ትውከት