ስሙን እንጂ ከተማውን አናውቅም

ከደቡብ ጣሊያን በተመለስሁ ሰሞን፣ ሥነ ጽሑፍ የሚወድ አንድ ወዳጄ ገና ሰላምታ ሳንጨርስ «ግንቡን አየኸው?» ሲል ጠየቀኝ። የትኛውን ግንብ ማለቱ እንደሆነ ገብቶኛል። እንግሊዛዊው ሆራስ ዋልፖል እ.ኤ.አ. በ1764 ያሳተመውን፣ የአስፈሪ ልብ ወለዶች ሁሉ አባት የሚባለውን «የኦትራንቶ ግንብ» ማለቱ ነው። (ዘመናቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።) «ያ ግንብ ከመጽሐፉ ውጭ ኖሮ አያውቅም» ብለው ቅር አለው። «ታዲያ ምን ልታይ ሄድህ?» አለኝ። ይህች ጽሑፍ ለወዳጄ የዘገየች መልስ ናት።

ኦትራንቶ በጣሊያን ተረከዝ ጫፍ የምትገኝ፣ ስድስት ሺህ ያህል ሰው የሚኖርባት የወደብ ከተማ ናት። ዋልፖል ኦትራንቶን በእግሩ ረግጧት አያውቅም። ስሟ ደስ ስላሰኘው ብቻ ከካርታ ላይ አንስቶ ወሰደው። በመጀመሪያው እትም መግቢያም መጽሐፉ ከጥንታዊ የጣሊያንኛ ጽሑፍ የተተረጎመ ነው ብሎ አንባቢውን አሞኘ፤ ደራሲነቱን ያመነው በሁለተኛው እትም ነው። በዚህ አልከሰውም፤ ልብ ወለድ ይዋሻል፣ መብቱም ነው። የምከሰው እኛን አንባቢዎቹን ነው። ስሙን በቃል ይዘን ከተማዋን መኖሯን ረሳናት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? እኛም ወረቀቱን ይዘን ቀረን።

ከተማዋ ግን ያለ ዋልፖልም ታሪክ አላት። በ1480 በገዲክ አህመድ ፓሻ የሚመራ የኦቶማን ጦር፣ ማዶ ካለችው ከአልባንያዋ ቭሎራ ተነሥቶ በባሕር መጣባት። ከሁለት ሳምንት ከበባ በኋላ ከተማዋ ወደቀች። ኦገስት 14 ቀን ስምንት መቶ ያህል ወንዶች ከከተማዋ ውጭ ወዳለ ኮረብታ ተወስደው አንገታቸው ተቀላ። ትውፊቱ፣ አንቶኒዮ ፕሪማልዶ የተባለ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ቀድሞ ሃይማኖቴን አልለውጥም አለ፣ ሌሎቹም ተከተሉት ይላል። ስለ ሞታቸው ምክንያት የታሪክ ምሁራን ዛሬም ይከራከራሉ። ቤተ ክርስቲያናቸው ግን በ2013 ቅዱሳን ብላ አውጃቸዋለች። የራስ ቅሎቻቸው በካቴድራሉ ውስጥ ከመስታወት በስተጀርባ ተደርድረው ይታያሉ። ፊታቸው ቆሜ ዝም አልሁ። ስንክሳር እየሰማ ያደገ ሰው እዚያ ቆሞ ሌላ ምን ሊያደርግ ይችላል?

አስጎብኚያችን ስለ እነርሱ ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ አስረዳችን፤ መልካም አድርጋ ነው ያስረዳችን። ስታበቃ ስለ «ካተር ኢ ራደስ» ጠየቅኋት። «እሱ የዜና ጉዳይ ነው፤ የከተማው ታሪክ አይደለም» አለችኝ።

አንባቢ ሆይ፣ ጠቤ ከዚህች ዐረፍተ ነገር ጋር ነው።

«ካተር ኢ ራደስ» ትንሽ የአልባንያ ጀልባ ነበረች። በ1997 የአልባንያ ሕዝብ ጥሪቱን በአጭበርባሪ የገንዘብ ድርጅቶች ተበልቶ አገሪቱ ስትታመስ፣ ከመቶ በላይ ሰዎችን ጭና ወደ ጣሊያን ተነሣች። የተነሣችው ከዚያችው ከቭሎራ ነበር። ማርች 28፣ በካቶሊኮች የስቅለት ዕለት፣ በኦትራንቶ የባሕር ሰርጥ ልታስቆማት ከተጠጋቻት «ሲቢላ» ከተባለች የጣሊያን ባሕር ኃይል መርከብ ጋር ተጋጭታ ሰመጠች። ከ80 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ።

እንግዲህ ፍረዱኝ። ከቭሎራ የመጣው ሰይፍ የከተማዋ ታሪክ ከሆነ፣ ከቭሎራ የመጣው ስደተኛ ስለ ምን ዜና ብቻ ይሆናል? ባሕሩ ያው ባሕር፣ ወደቡ ያው ወደብ ነው። ልዩነቱ አንድ ነው፦ በመጀመሪያው ታሪክ ከተማዋ ተበዳይ ናት፤ በሁለተኛው ግን የምትጠየቅበት ነገር አለ። ከተሞችም እንደ ሰው የተበደሉትን ይተርካሉ፤ የሚጠየቁበትን ለጋዜጣ ይተዉታል።

«ሰማዕት ለእምነቱ ሞተ፣ ስደተኛ ግን ለእንጀራው፤ እንዴት ታነጻጽራለህ?» የሚለኝ አይጠፋም። ክብራቸውን አላነጻጸርሁም። ስንክሳር ቅዱሳንን ይመርጣል፤ ሥራው ነውና። ታሪክ ግን ስንክሳር አይደለም፤ የመምረጥ ሥልጣን አልተሰጠውም። «ሐውልት ቆሞላቸው የለም ወይ?» የሚልም ይኖራል። አዎን፣ ግሪካዊው ቀራፂ ኮስታስ ቫሮትሶስ በ2012 የጀልባዋን ስብርባሪ በመስታወት አልብሶ በወደቡ አቁሞታል። ነገር ግን የሚተርክለት አንደበት ያጣ ሐውልት ከድንጋይ በምን ይሻላል?

ከዚህች አስጎብኚ የሚበልጥ መምህር በካቴድራሉ ወለል ላይ አለ። ጳንጣሌዎኔ የተባለ መነኩሴ ከ1163 እስከ 1165 ባሠራው ሞዛይክ፣ በሁለት ዝሆኖች ጀርባ ላይ የቆመ ታላቅ ዛፍ ወለሉን ሞልቶታል። ኖኅ ከመርከቡ ጋር አለ፤ እስክንድርም፣ ንጉሥ አርተርም አሉ። ወደ መቅደሱ ጠጋ ሲባል ከሰሎሞን ጋር አንዲት ንግሥት አለች፤ በላቲን «ሬጂና አውስትሪ» ተብሎ ተጽፎባታል። የደቡብ ንግሥት፣ የእኛዋ ንግሥተ አዜብ!

እውነቱን ልናገር፤ ሳያት ልቤ በኩራት ሞላ። ለወዳጆቼ ፎቶግራፏን ላክሁ፤ ሁሉም ደስ አላቸው። በኋላ ግን አፈርሁ። እኛም እንደዚያች አስጎብኚ መራጮች ነን። በኦክቶበር 2013 በላምፔዱሳ አጠገብ ከ360 በላይ ሰዎች ሰጠሙ፤ አብዛኞቹ የኤርትራ ልጆች ነበሩ። ከእኛም ሰፈር በዚያው ባሕር ስንቱ ቀርቷል? የንግሥቲቱን ጉዞ በግመሎቿ ቁጥር ሳይቀር እንተርካለን፤ የልጆቿን ጉዞ ግን ወሬ ብለን እናልፋለን።

መነኩሴው ለአረማዊውም ለጻድቁም፣ ለንጉሡም ለአውሬውም በአንድ ዛፍ ላይ ቦታ ሰጠ። ከስምንት መቶ ዓመት በኋላ የመጣን እኛ ለአንዲት ጀልባ ቦታ አጣን። ወዳጄ ሆይ፣ «ምን ልታይ ሄድህ?» ብለኸኝ ነበር። ግንብ ልፈልግ ሄጄ ጀልባ አይቼ ተመለስሁ። አንተም ያን መጽሐፍ ዳግመኛ ስታነሣ፣ በሽፋኑ ላይ ያለው ስም የሰው አገር ስም መሆኑን አትርሳ።