ደጃፍ ላይ የቆመ መርማሪና የዳኛ ማዘዣ

በአገራችን ሰው ደጅ ላይ ቆሞ «ቤቶች!» ብሎ ሲጣራ «ይግቡ» ማለት ወግ ነው፤ እንግዳን ውጭ አቁሞ ማነጋገርም ነውር ነው። ይኸው ወግ ባሕር ተሻግሮ አሜሪካን አገር የደረሰ እንደሆነ ግን ሌላ ፍች ያገኛል። የጦር መሣሪያ ያለው ሰው ለመንግሥት መርማሪ «ይግቡ» ቢል፤ ሕጉ ቃሏን ከእንግዳ ተቀባይነት አይቈጥራትም፤ ባለቤቱ ወዶ የሰጠው ፈቃድ አድርጎ ይይዛታል።

በዚያ አገር መሣሪያ ይዞ መኖር በሕገ መንግሥቱ ሁለተኛ ማሻሻያ የተጠበቀ መብት ነው። የመሣሪያን ሕግ የሚያስፈጽመው የፌዴራል መሥሪያ ቤት የአልኮል፣ የትምባሆ፣ የጦር መሣሪያና የፈንጂ ቢሮ ይባላል። በ1986 ዓ.ም. (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) የወጣው የመሣሪያ ባለቤቶች ጥበቃ ሕግ፤ መንግሥት የባለ መሣሪያዎችን መዝገብ እንዳያቋቁም ከልክሏል። ይሁን እንጂ አንድ ሰው በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ ከአንድ ነጋዴ ሁለት ሽጉጥ ወይም ከዚያ በላይ የገዛ እንደሆነ፤ ነጋዴው ለቢሮው ማስታወቅ አለበት። መርማሪዎች ወደ ሰው ደጅ የሚመጡበት አንዱ መንገድ ይህ ነው። የሚጠረጥሩትም ገዥው መሣሪያ መያዝ ለተከለከለ ሌላ ሰው ገዝቶ ይሆናል በማለት ነው። ጥርጣሬውን ከንቱ ነው አንልም፤ እንዲህ ባለ መንገድ የወጣ ሽጉጥ የስንቱን ቤት እንዳፈረሰ አሜሪካኖች ራሳቸው ያውቁታል።

በ2022 ዓ.ም. በዴላዌር ግዛት መርማሪዎች ማዘዣ ሳይዙ ወደ አንድ ሰው ቤት ሄደው የገዛቸውን መሣሪያዎች አውጥቶ እንዲያሳያቸው ሲጠይቁት፤ የደጃፉ ካሜራ ቀርጾት ብዙ ሕዝብ ተመልክቶታል። መጠየቃቸው ሕግ መጣስ አይደለም። ማንም መንገደኛ እንደሚያደርገው በር ማንኳኳት ይቻላልና። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2013 ዓ.ም. ከፍሎሪዳ በመጣ ጉዳይ ላይ እንዳስረዳው ግን፤ ያንኳኳ ሰው ጥቂት ቆይቶ ካላስገቡት መመለስ ይገባዋል። ደጃፉን አልፎ ለመግባት በ1791 ዓ.ም. የጸደቀው አራተኛው ማሻሻያ የዳኛ ማዘዣ ይጠይቃል፤ የባለቤቱ ፈቃድ ወይም ጊዜ የማይሰጥ አደጋ ከሌለ በቀር።

ሳንካው ያለው ፈቃድ በተባለው ላይ ነው። ይኸው ፍርድ ቤት በ1973 ዓ.ም. እንደወሰነው፤ ፖሊስ «እምቢ ማለት ይችላሉ» ብሎ አስቀድሞ የመንገር ግዴታ የለበትም። በእኛ አስተያየት ይህ ውሳኔ ትልቅ ቀዳዳ ትቷል። በሩን የከፈተው ሰው የሚያየው ባጅና ከወገብ ላይ የተንጠለጠለ ሽጉጥ ነው፤ ከአንደበቱ የወጣው «እሺ» ስንት እጁ ፈቃድ፤ ስንት እጁ ፍርሃት እንደሆነ ማን ይለካዋል?

ፍርድ ቤቱ ቤትን አጥብቆ የጠበቀበትም ጊዜ አለ። በሮድ አይላንድ ባልና ሚስት ተጣልተው፤ ፖሊሶች ባልየውን ወደ ሆስፒታል ከላኩት በኋላ ያለ ማዘዣ ቤቱ ገብተው ሽጉጦቹን ወሰዱ። በ2021 ዓ.ም. ዘጠኙም ዳኞች በአንድ ድምፅ፤ ለሰው ደኅንነት ማሰብ ብቻውን ቤት ለመግባት አያስችልም ብለው ፈረዱ። ፖሊሶቹ የከተማ ነበሩ፤ ደንቡ ግን የፌዴራሉንም መርማሪ ያስራል። ሚዙሪ ግን በ2021 ዓ.ም. ሌላ መንገድ ሞክራ ነበር፤ የፌዴራልን የመሣሪያ ሕግ ለማስፈጸም የሚረዳን የፖሊስ መሥሪያ ቤት ሃምሳ ሺህ ዶላር የሚያስቀጣ ሕግ አወጣች። የፌዴራል ፍርድ ቤት በ2023 ዓ.ም. ሻረባት፤ የይግባኙም ፍርድ ቤት በ2024 አጸናው።

ማዘዣ ሲኖርስ? በ2024 ዓ.ም. በመጋቢት በአርካንሳስ፤ የሊትል ሮክ አውሮፕላን ማረፊያ ኃላፊ ያለ ፈቃድ መሣሪያ ይነግዳል ተብሎ ተጠርጥሮ መርማሪዎች ማዘዣ ይዘው ጎሕ ሳይቀድ በሩን ሰብረው ገቡ። እሱ ተኮሰ፤ እነሱም ተኮሱ፤ ሰውዬው ከሁለት ቀን በኋላ ሞተ። ዐቃቤ ሕጉ ተኳሹን አልከሰሰም። መርማሪዎቹ በደረታቸው ላይ ካሜራ አላደረጉም ነበርና የሆነውን በፊልም የሚያሳይ አልተገኘም። ወረቀቱ በእጅ እያለ በቀን ብርሃን ቢሄዱ ምን ይጐድል ነበር?

በዚያ አገር ሱቅ ከፍተው ሽጉጥ ከባንኮኒ ሥር የሚያኖሩ ወገኖች ይኖሩናልና ይህን ቢያውቁት ይበጃል። የቋሚ መኖሪያ ፈቃድ ያለው ስደተኛ መሣሪያ መያዝ ይችላል፤ የመኖሪያ ፈቃድ የሌለው ግን አይችልም፤ በጊዜያዊ ቪዛ ያለውም ከጥቂት ሁኔታ በቀር አይፈቀድለትም። መርማሪ ያለ ማዘዣ ቢመጣ «ከጠበቃዬ ጋር ልነጋገር» ብሎ በትሕትና መመለስ ወንጀል አይደለም። ለፌዴራል መርማሪ ዐውቆ መዋሸት ግን እስከ አምስት ዓመት ያሳስራል፤ ስለዚህ ፈርቶ ከመዋሸት ዝም ማለት ይሻላል። ማዘዣ ይዘው ከመጡ ወረቀቱን አሳዩኝ ብሎ ማንበብ፣ እጅን ባዶ አድርጎ ማሳየት፣ በሩንም አለመከልከል ነው፤ ክርክሩ በኋላ ከዳኛ ፊት ይደረጋል።

የአሜሪካ ምክር ቤት ደግሞ መርማሪው ከማንኳኳቱ ጋር አንዲት ዐረፍተ ነገር እንዲጨምር ቢያዝ፤ የመንግሥቱ ሥራ አይጓደልም ነበር፤ «ማዘዣ የለኝም፤ እምቢ ማለት ይችላሉ» የምትል።