ከቃሉ ይልቅ ኮዱን
በጅቡቲ ካርቲየ 7 ቢስ የከብት ማጠጫ ገንዳ የሚበይድ ባለሙያ አዲስ ነገር ከመሞከሩ በፊት የፓተንት ሰነዶችን ቢያይ ብረትም ጉልበትም ይቆጥባል። በቃል ብቻ መፈለግ ግን አያዋጣም፤ ያው ገንዳ በፈረንሳይኛና በቻይንኛ ሌላ ስም አለው። ዓለም አቀፉ የፓተንት ምደባ ሁሉንም በአንድ ኮድ ሥር ይሰበስባል። የእንስሳት እርባታ «ኤ01ኬ» ነው፤ በውስጡ 5 የመመገቢያ፣ 7 የማጠጫ፣ 11 የጆሮ ቁጥርን የመሰለ ምልክት ማድረጊያ ነው። የከብት መጫኛ መኪና ግን «ቢ60ፒ 3/04» ውስጥ ይገኛል። ኮዶቹን በነፃ በሚያገለግሉት ፓተንትስኮፕ ወይም ኢስፓስኔት ማስገባት ይበቃል። ፓተንት የሚጸናው በተሰጠበት አገር ብቻ ነው፤ በጅቡቲም በኢትዮጵያም ያልተመዘገበ ንድፍ በሁለቱ አገሮች ተሠርቶ ሊሸጥ ይችላል። የከብት ነጋዴ ማኅበራት እነዚህን ጥቂት ኮዶች ለበያጆቻቸው ሊያደርሱ ይገባል።