ዘውድና ጋዜጣ፤ ከወሎ እስከ ሩዋይስ

«በሰው አገር ንጉሥ ምን አገባን?» የሚሉን ጓዶች አሉ። ያገባናል። በጅዳ፣ ሩዋይስ ሰፈር የሚኖር ኢትዮጵያዊ የቀን ሠራተኛ እዚያው ጅዳ የሚታተመውን «ዑካዝ» ቢገልጥ ንጉሡን የሚነቅፍ አንድ መስመር አያገኝም። በ1956 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ጋዜጦችን ከግለሰቦች እጅ አውጥቷል፤ ዋና አዘጋጅም ያለ መንግሥት ይሁንታ አይሾምም። የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች በየመን ድንበር በመቶዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችንን መግደላቸውን በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ያጋለጠው ሂዩማን ራይትስ ዎች እንጂ የዚያ አገር ጋዜጣ አይደለም። መንግሥቱ አስተባብሏል። በባዕድ ጋዜጣ ገዢዎቹን የነቀፈው ጀማል ኻሾግጂም መስከረም 22 ቀን 2011 ዓ.ም. ኢስታንቡል፣ በገዛ አገሩ ቆንስላ ውስጥ ተገደለ።

እንዲህ ያለውን ጋዜጣ እኛ ከአገራችን እናውቀዋለን። በ1965 ዓ.ም. የወሎ ገበሬ በረሃብ ሲረግፍ የአዲስ አበባ ጋዜጦች የፊት ገጽ የግርማዊነታቸው ነበር። እልቂቱን ዓለም ያየው በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በእንግሊዛዊው ጆናታን ዲምብልቢ ፊልም ነው። ደርግ ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር እያፈራረቀ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት በቴሌቪዥን አሳየ፤ በማግሥቱ ንጉሡ በቮልስዋገን ተወሰዱ። (ያው ደርግ በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱን 10ኛ ዓመት ሲደግስ የራሱን ዘመን ረሃብ ደበቀ፤ ዘውድ ባይደፋም ከዘውድ ተምሯል።)

ስለዚህ የሩዋይስ ወገኖቻችን ደብዳቤዎች የጸሐፊው ስምና አድራሻ ተሰውሮ በዚህ መጽሔት ይታተሙ እንላለን። ነፃ የትምህርት ዕድላችን ይነካል የሚለው ስጋት ይገባናል፤ ከዚያ ሠራተኛ ስጋት ጋር ግን አይወዳደርም። ደብዳቤ የደረሳችሁ ጓዶች ለአዘጋጅ ክፍሉ ላኩ።