ከኩንታሉ ጋር የሚሸጠው አረም

እንደ ሀቢቾ ባሉ የእህል ገበያዎች ስንዴ ሲገዛ የሚታየው ክብደቱ፣ ድርቀቱና መልኩ ነው። በጆንያው ውስጥ የተደባለቀው የአረም ዘር ከየትኛው ማሳ እንደመጣ ጠይቆ ዋጋ የሚቆርጥ ነጋዴ ብዙም አይገኝም። ይህ ቸልተኝነት ለጊዜው ጥቂት ብር ያተርፍ ይሆናል። ውሎ አድሮ ግን ነጋዴውን የሚነግድበትን እህል ያሳጣዋል።

ለዚህ ማስረጃው ፓርቲኒየም የተባለው መጤ አረም ነው። ቅንጨ አረምም ይሉታል። በሐረርጌ ገበሬዎች ዘንድ ደግሞ ፈረምሲሳ ይባላል፤ መሬትህን አስፈርሞ የሚወስድብህ እንደማለት ነው። የትውልድ አገሩ የአሜሪካ አህጉር ሲሆን በኢትዮጵያ በድሬዳዋና በሐረርጌ፣ እንዲሁም በወሎ ታይቷል። ከእርዳታ እህል ጋር ሳይገባ እንዳልቀረ ይታመናል። ወደ ሕንድም በ1950ዎቹ የዘለቀው ከውጭ ከመጣ ስንዴ ጋር ተደባልቆ እንደሆነ ይነገራል። ባሕር ያሻገረው ነፋስ ሳይሆን ጭነት ነው።

አንዱ ተክል ከ15 ሺህ በላይ ዘር ሊያፈራ ይችላል። ዘሩ ደቃቅ በመሆኑ በአይሱዙ ጎማ ጭቃ፣ በአሸዋ ጭነት፣ ለኪራይ ከአገር አገር በሚዞር ኮምባይነርና በጆንያ ስፌት ተሸሽጎ ይሄዳል። መሬት ውስጥም ሳይበቅል ለዓመታት ይቆያል። በምሥራቅ ኢትዮጵያ በተደረገ ጥናት አረሙ ሳይነቀል በቀረበት የማሽላ ማሳ ምርቱ ከ40 እስከ 97 በመቶ ቀንሷል። ከብት ሲበላው ወተቱ ይመራል፤ በባዶ እጁ የሚነቅለውንም ሰው ቆዳውን ያሳክከዋል።

ገበሬው የሚዘራውን ስንዴ ሁሉ ከምርጥ ዘር ድርጅት አያገኝም። ብዙውን ከጎተራው ያወጣል፣ ከጎረቤት ይወስዳል ወይም ከገበያ ይገዛል። ለምግብ የተሸጠው እህል ዘር ሆኖ ማሳ ላይ የሚያርፈውም በዚህ መንገድ ነው። አረሙ ወደ ሀዲያ ማሳ የሚገባበት አንዱ በር ይኸው ገበያ ነው።

አረም መከላከል የግብርና ቢሮ ሥራ ነው የሚሉ ነጋዴዎች በከፊል እውነት አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 አረሙን የሚበላ ጥንዚዛ ከውጭ መጥቶ በወለንጪቲ አካባቢ ተለቋል። ይሁን እንጂ ጥንዚዛ ቅጠል ይበላል እንጂ ጆንያ አይፈትሽም። ለንጹሕ እህል ጭማሪ የሚከፍል ነጋዴ በርካሽ በሚገዛው ተወዳዳሪው ይቀደማል የሚለው ሥጋትም ቀላል አይደለም። ስለሆነም መፍትሔው አንድ ነጋዴ ብቻውን የሚሸከመው ሳይሆን የገበያው ሰዎች ሁሉ የሚስማሙበት ደንብ ነው።

ደንቡ ከባድ አይደለም። ለዘር የሚሸጥ ስንዴ ተበጥሮ በተለየ ዋጋ ይሽጥ። ግርዱ መንገድ ዳር ከመደፋት ይልቅ ይቃጠል። ኮምባይነር ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው ከመሻገሩ በፊት ተጠርጎ ይጽዳ። ገበሬውም አረሙን ሳያብብ፣ እጁን በጓንት ሸፍኖ ይንቀል። ደላላው ዋጋ ሲያስማማ «ተበጥሯል ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ የማበጠሩ ልማድ ከሻጩ ዘንድ ይጀምራል።

ገንዘባቸውን የት እንደሚያውሉ ለሚያስቡ የከተማ ባለሀብቶችም ቦታ አለ። በሆሳዕናና በአካባቢዋ ገበያዎች የእህል ማበጠሪያ መሣሪያ ተክሎ በኩንታል ማስከፈል ሊታሰብበት የሚገባ ሥራ ነው። ዛሬ ለማበጠሪያ ያልወጣው ብር ነገ ለፀረ አረም መድኃኒትና ለአራሚ ጉልበት መውጣቱ አይቀርም። ያን ጊዜ ወጪው በገበሬው ላይ ብቻ አይቀርም፤ በኩንታሉ ዋጋ ላይ ተጨምሮ ገዢውም ዘንድ ይደርሳል።