በሁለት ሰከንድ የሚጠፋ መልእክት ለክፍያ ማረጋገጫ አይበቃም

በሞባይል መተግበሪያ ላይ አጭር ብቅ ባይ መልእክት መጨመር የአንድሮይድ ፕሮግራሚንግ ተማሪ ከሚለማመዳቸው የመጀመሪያ ሥራዎች አንዱ ነው። «ቶስት» በመባል የሚታወቀው ይህ መልእክት በአንድ መስመር ኮድ ይጻፋል፤ ከስክሪኑ ግርጌ ብቅ ይላል፤ አጭሩ 2 ሰከንድ፣ ረጅሙ 3.5 ሰከንድ ያህል ቆይቶ በራሱ ይጠፋል። ተጠቃሚው ሊያቆየውም ሆነ መልሶ ሊያነበው አይችልም። ሥራው ቀላል በመሆኑ፣ እንዲህ ባለ መልእክት ምን ዓይነት ጉዳይ ሊነገር እንደሚገባ ብዙ ጊዜ ሳይጠየቅ ይታለፋል። የዚህ ጽሑፍ አቋም የክፍያ ውጤት በቶስት ብቻ ሊነገር አይገባም የሚል ነው።

ጉዳዩ በኢትዮጵያ ክብደት ያገኘው ክፍያ ወደ ስልክ ሲገባ ነው። ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ኤምፔሳ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ተከተለ፤ ባንኮችም የየራሳቸውን የሞባይል መተግበሪያ አስፋፍተዋል። ዛሬ በደሴ ፒያሳ ቡና የጠጣ፣ በሰኞ ገበያ እህል የሸመተ፣ በኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሠርቶ ለቤተሰቡ ገንዘብ የሚልክ ሰው ሒሳቡን በስልክ መክፈል ይችላል። ይሁን እንጂ ኔትወርኩ ሁልጊዜ አስተማማኝ አይደለም። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር የሚታወስ ነው።

አንዲት ሸማች በሰኞ ገበያ የጤፍ ዋጋ በስልኳ ስትከፍል ይታሰብ። ቁልፉን ተጫነች፤ ኔትወርኩ ዘገየ፤ ዘንቢሏን ለማንሳት ጎንበስ ስትል «ተልኳል» የሚል ቃል ብቅ ብሎ ጠፋ። ነጋዴው «ገባ?» ይላል። መልሱን ከሁለቱ የሚያውቅ የለም። ድጋሚ ብትከፍል ገንዘቧ ሁለት ጊዜ ሊቀነስ ይችላል፤ ሳትከፍል ብትሄድ ነጋዴው ሊከስር ይችላል። መተግበሪያው ለመናገር የሰነፈበትን ጉዳይ ሁለቱ ሰዎች በመተማመን ወይም በጭቅጭቅ እንዲፈቱት ይገደዳሉ።

ችግሩ የጊዜው ማጠር ብቻ አይደለም። በተጠቃሚው ስልክ ላይ የሚታይ ክፍያ ሦስት ሁኔታዎች አሉት፦ ተፈጽሟል፣ አልተፈጸመም፣ ገና አልታወቀም። ሦስተኛው የሚፈጠረው ትእዛዙ ከስልኩ ወጥቶ ምላሹ ሳይመለስ ግንኙነቱ ሲቋረጥ ነው። በዚህ ጊዜ ገንዘቡ ተቀንሶ ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። መተግበሪያው «አልተሳካም፤ እባክዎ እንደገና ይሞክሩ» ካለ፣ ያልታወቀውን እንዳልተፈጸመ ቆጥሮ ተጠቃሚውን ወደ ድርብ ክፍያ ይመራዋል። «ተልኳል» የሚለውም ቃል አሻሚ ነው። ፕሮግራመሩ ትእዛዙ ከስልኩ መውጣቱን ሊገልጽበት ይችላል፤ ነጋዴው ግን ገንዘቡ እጁ እንደገባ አድርጎ ይረዳዋል።

የአማርኛ ሰዋስውም የራሱን ጥንቃቄ ይጠይቃል። ማሰሪያ አንቀጹ የሚመጣው በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ነው፤ አዎንታና አሉታ የሚለየውም በዚያው ቃል ነው። ለአንድሮይድ 12 እና ከዚያ ወዲህ ላሉ ስሪቶች በተዘጋጁ መተግበሪያዎች የቶስት ጽሑፍ ከሁለት መስመር አያልፍም። «ለእህል ነጋዴው የላኩት የ1,500 ብር ክፍያ በኔትወርክ መቋረጥ ምክንያት አልተፈጸመም» የሚለው ዓረፍተ ነገር፣ ፊደል አጉልተው በሚያነቡ አዛውንት ስልክ ላይ ቢቆረጥ፣ የሚጠፋው ዋናው ፍሬ ነገር፣ «አልተፈጸመም» የሚለው ቃል ነው። ስለዚህ ውጤቱ መቅደም አለበት፤ በመጀመሪያ «አልተፈጸመም፦ 1,500 ብር»፣ ከዚያም ምክንያቱ።

ለቶስት የሚሟገቱ ወገኖች ያላቸው ምክንያት ቀላል አይደለም። ቶስት የተጠቃሚውን ሥራ አያቋርጥም። በየእርምጃው «እሺ» እንዲባል የሚጠይቅ መስኮት ሲበዛ ሰው ሳያነብ መጫን ይለምዳል፤ ያን ጊዜ ማስጠንቀቂያው ሁሉ ዋጋ ያጣል። ይህ እውነት ነው፤ የሚያስከትለው ግን ቶስትን ለሁሉም ነገር መጠቀምን ሳይሆን ጉዳዮችን በክብደታቸው መለየትን ነው። «ቁጥሩ ተቀድቷል» ወይም «ምርጫዎ ተቀምጧል» ለሚሉ ቀላል መልእክቶች ቶስት ይበቃል፤ ሳይነበብ ቢያልፍ የሚጎዳ የለም። የአንድሮይድ ይፋዊ መመሪያ ራሱ መተግበሪያው ስክሪኑ ላይ ክፍት ሳለ፣ ተጠቃሚው ሊነካውና እርምጃ ሊወስድበት የሚችለውን «ስናክባር» እንዲታሰብ ይመክራል። በዘመናዊነቱ ብዙም የማይመሰገነው የ*127# አገልግሎት እንኳ በዚህ ረገድ ይሻላል፤ የመጨረሻ ምላሹ ተጠቃሚው እስኪዘጋው ድረስ ስክሪኑ ላይ ይቆያል።

መፍትሔው ውድ ቴክኖሎጂ አይጠይቅም። አንደኛ፣ ስልኩ ትእዛዙን ከመላኩ በፊት ለእያንዳንዱ ክፍያ ልዩ የግብይት ቁጥር ይፍጠር፤ ተጠቃሚው ደጋግሞ ቢጫን ሰርቨሩ ቁጥሩን ለይቶ ገንዘቡን አንድ ጊዜ ብቻ ይቀንሳል። ሁለተኛ፣ ውጤቱ እስኪታወቅ «በማጣራት ላይ» የሚል መግለጫ በግብይት ዝርዝሩ ውስጥ ይቆይ፤ «እንደገና ይሞክሩ» የሚባለውም አለመፈጸሙ ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ ይሁን። ሦስተኛ፣ መልእክቱ ለማየት ለሚቸገሩ ሰዎችም ይድረስ። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ ስሪት 2.1፣ የሁኔታ መልእክቶች በስክሪን አንባቢ ሊነገሩ በሚችሉበት መንገድ እንዲዘጋጁ ይጠይቃል፤ ለሞባይል መተግበሪያም ጥሩ መለኪያ ነው። አራተኛ፣ ማረጋገጫው በአጭር የጽሑፍ መልእክትም ይላክ። በግዕዝ ፊደል የሚጻፍ አጭር መልእክት በአንድ ክፍል የሚይዘው 70 ፊደላት ነው፤ በላቲን ፊደል ግን 160 ይይዛል። ይህ ልዩነት አማርኛውን ለመተው ሰበብ እንዳይሆን፣ ቃላቱን መርጦ ማሳጠር የንድፉ አካል ሊሆን ይገባል።

እነዚህን ሐሳቦች ለመፈተሽ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተመራቂ ተማሪዎች አንድን የክፍያ መልእክት በቶስት፣ በስናክባርና በሚቆይ የደረሰኝ ገጽ አዘጋጅተው፣ በገበያ ውስጥ ከነጫጫታውና ከነፀሐዩ ሊሞክሩት ይችላሉ። መለኪያው ተጠቃሚው ንድፉን መውደዱ መሆን የለበትም። ኔትወርኩ ሆን ተብሎ ሲቋረጥ ከፋዩና ተቀባዩ ስለ ገንዘቡ አንድ ዓይነት መልስ መስጠታቸው ነው ሊለካ የሚገባው። በቤተ ሙከራ ፈጣን ኢንተርኔት ላይ ብቻ የተፈተነ መተግበሪያ ያቺን «ገባ?» የምትል ጥያቄ ሰምቶ አያውቅም፤ ሊመልሳትም አይችልም።