ማስጠንቀቂያ ከቅጣት ይቅደም

ዳኝነት በሸንጎ ብቻ አይደለም፤ በኳስ ሜዳም በቤትም አለ። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን የእንግሊዛዊውን የእግር ኳስ ዳኛ የኬን አስተንን ታሪክ እናነሣለን። ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስተን በ1915 ተወለደ፤ መተዳደሪያው መምህርነት ነበረ፤ በ1953ም የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ሆነ። በ1962 የዓለም ዋንጫ ቺሊና ኢጣሊያ በሳንቲያጎ ከተማ ሲጋጠሙ ዳኛው እርሱ ነበረ። ተጫዋቾቹ ኳሱን ትተው እርስ በርሳቸው ተማቱ። አስተን ሁለት ኢጣሊያውያንን ከሜዳ አስወጣ፤ አንደኛው ፌሪኒ አልወጣም ቢል ፖሊሶች ገብተው አወጡት። በቡጢ የተማታው የቺሊ ተጫዋች ግን ሳይቀጣ ቀረ። ጨዋታው እስከ ዛሬ «የሳንቲያጎ ጦርነት» ይባላል።

በ1966 አስተን የዓለም ዋንጫ ዳኞች ኀላፊ ነበረ። እንግሊዝና አርጀንቲና በለንደን ሲጋጠሙ ጀርመናዊው ዳኛ ክራይትላይን የአርጀንቲናውን አምበል ራቲንን ከሜዳ አሰናበተው። አንዱ የሌላውን ቋንቋ ስለማያውቅ ራቲን አልወጣም ብሎ ለብዙ ደቂቃ ቆመ፤ ጨዋታውም ተቋረጠ። አስተን ይህን እያሰላሰለ መኪናውን ሲነዳ የመንገድ መብራት አስቆመው። ቢጫው «ተጠንቀቅ»፣ ቀዩ «ቁም» የሚለው ያለ አስተርጓሚ መሆኑን አስተዋለ። ቢጫና ቀይ ካርድ የተገኙት ከዚህ አሳብ ነው፤ በ1970ም በሜክሲኮው የዓለም ዋንጫ ሥራ ላይ ዋሉ። በዚያ ውድድር ቢጫው ብዙ ጊዜ ታየ፤ ከሜዳ የተባረረ ተጫዋች ግን አንድ እንኳ አልነበረም።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፣ ቤታችንን እንመርምር። አባት ትናንት የሳቀበትን ጥፋት ዛሬ በአርጩሜ ቢቀጣ፣ ልጁ የሚያጠናው የአባቱን ፊት እንጂ ጥፋቱን አይደለም። እናት የከለከለችውን አባት ቢፈቅድ፣ ልጁ ሁለት ቋንቋ እንደሚሰማ ሰው ግራ ይጋባል። ዛቻ ብቻ አብዝቶ የተናገረውን የማይፈጽም ወላጅም ቢሆን ቃሉ ይቀላል።

ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ስለ በደለ ወንድም ሲያስተምር ሥርዓትን ሠርቷል፦ አስቀድሞ ለብቻ መውቀስ፣ ቀጥሎ በምስክር ፊት፣ ከዚያም ለቤተ ክርስቲያን መንገር፤ መለየት የመጨረሻው ነው። ዓላማው ወንድምን ማትረፍ እንጂ መጣል አይደለምና። እኛም አባትና እናት አስቀድመን በአንድ ቃል እንስማማ፤ ልጁ የሚገባውን ማስጠንቀቂያ በእርጋታ እንስጠው፤ ከዚያ በኋላ በተናገርነው እንጽና። በጊዜው የተመከረ ልጅ ከቤቱ አይወጣምና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።